መድኑን ልተወው ወይስ ልክፈል? ከሐይቅ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ከተማ ነው። ጠያቂው አነስተኛ ሱቅ አላቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎም ጥቂት መሬት ያርሳሉ። ባጭሩ እንዲህ ብለዋል፦

«የጤና መድን መዋጮ ለስድስት ዓመት ሳላቋርጥ ከፍያለሁ። አምና ባለቤቴ የሐሞት ጠጠር ታመመች። መንግሥት ሆስፒታል ለኦፕራሲዮን የአራት ወር ቀጠሮ ሰጡን። ሕመሙ አላስቀምጥ ሲላት ደሴ የግል ሆስፒታል አስገባኋት። ጥማድ በሬዎቼን ሸጥኩ፤ የጎደለውን ጅዳ ያለችው ልጄ ሞላችው። አሁን ቀበሌዎች ‹መዋጮህን አድስ› እያሉኝ ነው። ቨርጂኒያ ያለው የእህቴ ልጅ ‹ሕክምና የግል ሲሆን ነው ደንበኛ የሚሆነው› ይለኛል። እንግሊዝ ያለው የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ‹እዚህ የሚያሳክመን መንግሥት ነው፣ የሚያዋጣው እሱ ነው› ይላል። የትኛው ነው የሚሻለው? መድኑን ልተወውና ገንዘቡን ለግል ሕክምና ላጠራቅም ወይስ ልክፈል?»

ጋሼ፣ እንኳን ባለቤትዎን ማረልዎ። የበሬዎቹን ነገር ሳነብ ልቤ ተነካ። ገበሬ ጥማዱን ሲሸጥ የመጪውን ክረምት እርሻም አብሮ ይሸጣል። ይህን ለእርስዎ መንገር ግን ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እኔ የጤና መኮንን ሆኜ ሥራ የጀመርኩት እዚያው ደቡብ ወሎ፣ ከአስፋልት በራቀ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። አሁን የምሠራው በጤና ፋይናንስ ላይ ነው። የሕክምና ገንዘብ ከየት ይምጣ፣ ማን ይያዘው፣ ለማን ይከፈል የሚለውን ነው የማጠናው። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ መድኑን አይተዉት፣ ይክፈሉ። ቅሬታዎ ግን እውነት ነው። እሱን አላድበሰብሰውም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሰው «የመንግሥት ወይስ የግል» ሲል ሁለት ጥያቄ ይደባለቅበታል። አንዱ የሕንፃው ባለቤት ማነው፣ ሐኪሙን የቀጠረው ማነው የሚለው ነው። ሌላው ገንዘቡ እንዴት ተሰበሰበ የሚለው ነው። ካናዳ ውስጥ አብዛኞቹ ሐኪሞች የራሳቸውን ክሊኒክ የሚመሩ ናቸው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ነው። እንግሊዝ ውስጥም ብዙዎቹ የቤተሰብ ሐኪሞች ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው በራሳቸው የሚሠሩ ናቸው። በሽተኛው ግን ለምርመራው አይከፍልም። እኛ አገር ደግሞ የመንግሥት ሆስፒታል ገብቶ ለካርድ፣ ለላብራቶሪና ለመድኃኒት ከኪሱ የሚከፍል ብዙ ሰው አለ። ሕንፃው የመንግሥት ነው፤ ክፍያው ግን የግል ነው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ሰው የሚከፍለው ጤነኛ ሳለ፣ ከሌሎች ጋር ተዋጥቶ ነው? ወይስ በታመመ ቀን፣ ብቻውን?

ወሎ ውስጥ ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ቅሬ አለን። ሌላው እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ቅሬው ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚዋጣበት ሰፈር ሞልቷል። «ዘንድሮ ቤቴ ሰው ስላልሞተ መዋጮዬን መልሱልኝ» የሚል የቅሬ አባል እኔ አይቼ አላውቅም። እንዲያ ማለት ነውር ነው። የጤና መድን ላይ ግን «ዘንድሮ ስላልታመምኩ ገንዘቤ ቀለጠ» ሲባል በየቀኑ እሰማለሁ።

በሽተኛ ተሸክሞ የሚያመጣውም ቅሬው ነው። መድኑ ከመምጣቱ በፊት፣ በሥራዬ በመጀመሪያው ክረምት፣ አንድ ጎልማሳ ገበሬ በቃሬዛ መጣልን። አንጀቱ ታጥፏል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ሰዎቹ እየተቀባበሉ፣ ጭቃውን ሲያቋርጡ ነው ያነጉት። ጉሉኮስ ሰካሁለት፤ ዛሬውኑ ደሴ ካልደረሰ እንደማይተርፍ ነገርኳቸው፤ ሪፈር ጻፍኩ። ከዚያ ሰዎቹ ከግቢው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ገንዘብ መቁጠር ያዙ። አይሞላም። እንደገና ቆጠሩ። በሽተኛው ከቃሬዛው ላይ ቀና ለማለት እየሞከረ «በሬዬን እንዳትሸጡብኝ፤ ቤቴ መልሱኝ» አለ። ልጆቹ ምን እንደሚበሉ ነው ያሰበው። እኔ መርፌ በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ትምህርቴ ለዚያች ሰዓት ምንም አልፈየደም።

በመጨረሻ የቅሬው ዳኛ ተነሡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዱላቸውን ተደግፈው ነበር። የቅሬው ደንብ ገንዘብ የሚያወጣው ለቀብር ብቻ ነው። እሳቸው ግን «ነገ ለቀብሩ የምናወጣውን ዛሬ ለሕክምናው እናውጣው» አሉ። ማንም አልተቃወመም። ሰውየው ደሴ ተወሰደ፣ ተቀደደ፣ ተረፈ። ከሁለት ወር በኋላ በእግሩ መጥቶ እጄን ሳመኝ። መሳም የነበረበት የዳኛውን እጅ ነበር፤ ነገርኩትም።

የጤና መድን ማለት የዚያን ሽማግሌ ውሳኔ አስቀድሞ መወሰን ነው። በጭንቅ ሰዓት ዛፍ ሥር ቆሞ ከመቁጠር ይልቅ፣ እህል በገባ ጊዜ፣ በረጋ ልብ፣ በጽሑፍ። ይህ ሐሳብ ደግሞ ለእርስዎ ወረዳ እንግዳ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነበር። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና የእርስዎ ተሁለደሬ ናቸው። አገሩ ሁሉ ከሐይቅ ሰዎችም ነው የተማረው።

አባልነቱ በቤተሰብ የሆነውም በምክንያት ነው። በነፍስ ወከፍ ቢሆን ኖሮ ሰው የሚያመውን ብቻ ያስመዘግብ ነበር። ሁሉም እንዲያ ካደረገ ሣጥኑ በአንድ ዓመት ይነጥፋል። ለመክፈል አቅም የሌለው ደግሞ፣ በመድኑ አጠራር «የድሃ ድሃ» የሚባለው፣ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። የእርስዎ መዋጮና የመንግሥት ድጎማ በአንድ ሣጥን ነው የሚገቡት። ስለዚህ መድናችን ንጹሕ የመንግሥት ወይም ንጹሕ የግል የሚባል አይደለም። መዋጮም ግብርም ያለበት ነው።

አሁን ወደ ዘመዶችዎ ልሂድ። ሁለቱም የሚያወሩት የኖሩትን ነው።

የቨርጂኒያው ልጅ ከራሱ ኑሮ አንጻር ውሸታም አይባልም። ደህና ሥራ ካለው፣ አሠሪው ጥሩ ኢንሹራንስ ከገዛለት፣ ለሐሞት ጠጠር አራት ወር አይጠብቅም። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ ከሥራ ጋር የተጣበቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1942 የደመወዝ ጭማሪን ሲገድብ፣ አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ ኢንሹራንስን በሰፊው ማቅረብ ያዙ። በዚያው ቀረ። ችግሩ ሥራው ሲሄድ ኢንሹራንሱም ይሄዳል። ኢንሹራንስ እያለም፣ ድርጅቱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በሽተኛው በየዓመቱ ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ አለ። ብዙ ጊዜ በሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። የእህትዎን ልጅ ይጠይቁት፤ ያውቀዋል።

ደግሞ አሜሪካም ሙሉ በሙሉ የግል አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉትን የመንግሥት መድኖች ሕግ ፈረሙ። አንዱ ለአረጋውያን፣ ሌላው ለድሆች ነው። ዛሬ ከአገሪቱ የጤና ወጪ ግማሽ የሚጠጋው ከመንግሥት ካዝና ነው የሚወጣው። አሜሪካ ከጠቅላላ ኢኮኖሚዋ 17 በመቶ ያህሉን ለጤና ታወጣለች። እንግሊዝ የምታወጣው 11 በመቶ ገደማ ነው። ያን ያህል ወጥቶም በ2023 (እ.ኤ.አ.) 26 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ ኢንሹራንስ አልነበረውም። አማካይ ዕድሜያቸውም ከእንግሊዞቹ በሁለት ሦስት ዓመት ያንሳል። ዕድሜን የሚወስነው ሕክምና ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አመጋገብም መኪናም ጠመንጃም አለበት። ገንዘቡ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው። አንዱ መልስ ዋጋ ነው፦ ያው ምርመራ፣ ያው መድኃኒት እዚያ ይወደዳል። ሌላው ወረቀት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ኢንሹራንሶች፣ እያንዳንዱ የራሱ ደንብ፣ ያንን የሚከታተል የሂሳብ ሠራተኛ ሠራዊት። ይህ ሁሉ ሰው ደመወዙን የሚያገኘው በሽተኛው ከሚከፍለው ነው።

የእንግሊዙን ታሪክ ደግሞ እኔ በጣም እወደዋለሁ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 ነው። የጤና ሚኒስትሩ አኑሪን ቤቫን ይባል ነበር። ቤቫን የዌልስ ሰው ነው። ትሬዴጋር በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ጉድጓድ ገብቶ ከሰል ይቆፍር ነበር። በዚያች ከተማ ሠራተኞቹ አንድ የሕክምና መረዳጃ ማኅበር ነበራቸው። ከደመወዛቸው በየጊዜው ጥቂት ሳንቲም ያዋጣሉ። በዚያ ገንዘብ ሐኪም ይቀጥራሉ፤ ማኅበሩ አባልንም ቤተሰብንም ያሳክማል። ቤቫን በዚህ ማኅበር ውስጥ ሠርቷል። ሚኒስትር ሲሆን ያደረገው ያንን የከሰል ቆፋሪዎች ማኅበር በአገር ደረጃ ማስፋት ነው። መዋጮውን ግብር አደረገው። ጋሼ፣ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ ያ የቅሬ ዳኛ ናቸው። አውሮፓም የጀመረው ከቅሬ ነው።

እንግሊዝ ግን ገነት አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2025 እዚያ ለቀጠሮ ሕክምና የተመዘገበው ወረፋ ከ7 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ18 ሳምንት ውስጥ ይታከማል የተባለው በሽተኛ ብዙ ጊዜ ያንን ያልፋል። የሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን ደግሞ ወረፋ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። ባለቤትዎ እንግሊዝ ቢሆኑም ወራት ሊጠብቁ ይችሉ ነበር። ለክፍያም ቢሆን ጭቅጭቅ አለ። ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ በሽተኛው ይክፈል ሲባል ቤቫን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1951 ከሥልጣን ለቋል። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ እዚያ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው በሬ አይሸጥም። መታገሥ ያቃተውና ገንዘብ ያለው በግል ይታከማል፤ የሌለው ዘግይቶም ቢሆን በነጻ ይታከማል።

ሦስተኛው መንገድ የጀርመን ነው። የአገሪቱ መራሔ መንግሥት ቢስማርክ እ.ኤ.አ. በ1883 ሠራተኛና አሠሪ ተካፍለው የሚያዋጡበትን የሕመም መድን ጀመረ፤ እስከ ዛሬ አለ። እኛም ለደመወዝተኛው ይህን የመሰለ ማኅበራዊ የጤና መድን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 690 አውጥተን፣ ለዓመታት ሥራ ላይ ሳናውለው ቆይተናል። ገበሬው አስቀድሞ ሲዋጣ ደመወዝተኛው ወደኋላ መቅረቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«እነሱ ሀብታሞች ናቸው፤ እኛ ከነሱ ምን አለን?» ካሉኝ ልክ ነዎት። ስለዚህ ሩዋንዳን ልንገርዎ። ሩዋንዳ እንደኛው ገበሬ አገር ናት። የማኅበረሰብ መድኑን በሙከራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ አብዛኛው ሕዝቧ መድን አለው። ከተሳካላት ምክንያት አንዱ ቤተሰቦችን በኑሮ ደረጃ መድባ መዋጮውን በአቅም ማድረጓ ነው። ታይላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ሰው በሄደ ቁጥር 30 ባት ብቻ እየከፈለ እንዲታከም አደረገች። የቀረውን ግብሩ ሸፈነው። ያኔ ታይላንድ ሀብታም አልነበረችም። «ሀብታም ስንሆን እናደርገዋለን» የሚለው አባባል እነዚህን ሁለት አገሮች ካየሁ በኋላ አይዋጥልኝም።

ግን የግል ሕክምናስ ምን ነካው? እንደ ሌላው ዕቃ ለምን በገበያ አይሆንም? ብዙ የተማሩ ሰዎችም ይህን ይጠይቁኛል። የባቲን የሰኞ ገበያ ያስቡ። በሬ ሲገዙ ጥርሱን ከፍተው ያያሉ። ዳሌውን ይዳብሳሉ። ዋጋው ካልጣመዎ ትተው ወደሌላው ይሄዳሉ፤ ካልሆነም ለሚመጣው ሰኞ ይመለሳሉ። ትርፍ አንጀት የሚያሰቃየው ሰው ግን ምን ያደርጋል? ዋጋ አያማርጥም። ለሚመጣው ሰኞ አይመለስም። ይህ ምርመራ ያስፈልገው አያስፈልገው አያውቅም። ሻጩም ሐኪሙ ነው፣ «ይህን ግዛ» ብሎ የሚመክረውም ሐኪሙ ነው። ሐኪሙ ቅን ከሆነ ደግ። ካልሆነ ግን በሽተኛው ምንም መከላከያ የለውም።

እናቴን አንድ የግል ክሊኒክ ወስጄ አውቃለሁ። ለተራ ራስ ምታት የታዘዘላት የላብራቶሪ ዝርዝር አንድ ገጽ ሞላ። ግማሹ ከሕመሟ ጋር አይገናኝም። እኔ ባለሙያ ስለሆንኩ ወረቀቱን ይዤ ጠየቅኩ፤ ሰረዙት። ባለሙያ ልጅ የሌላት እናትስ? እስካሁን ሲከነክነኝ ይኖራል።

ይህን ስል የግሉን ሁሉ መኮነኔ አይደለም። ወሎ ውስጥ ሌሊት በሩ የሚከፈት፣ የመንግሥቱ መሣሪያ ሲበላሽ የሚደረስበት የግል ተቋም ብዙ ሕይወት አትርፏል። የባለቤትዎንም ኦፕራሲዮን የሠሩት ሐኪም ምናልባት ጠዋት መንግሥት ሆስፒታል የሚውሉ ናቸው። ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፤ ሁለቱም ጋ የሚሠሩት ያው ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ፕራይቬት ዊንግ የሚባለው የከፋዮች ክፍል የተፈቀደው፤ ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ውጭ ከሚሄድ እዚያው ይሥራ ተብሎ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን የጠዋቱ ወረፋ ሆን ተብሎ እንዳይረዝም፣ በሽተኛ ወደ ከሰዓት እንዳይገፋ አጥብቆ የሚቆጣጠር ያስፈልጋል። እኔ በዚህ ላይ ቸልተኝነት አይቻለሁ፤ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዎ። መድን ከፍለው «መድኃኒት የለም፣ ውጭ ግዙ» መባል። ይህ በእኔም ደርሷል። አባቴ የመድን አባል ሆነው፣ መንግሥት ሆስፒታል ተኝተው፣ ጓንት ሳይቀር ከውጭ ገዝቻለሁ። ሰው «ታዲያ የከፈልኩት ለምንድነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ የመድን አባላትን ያክማል፤ ከዚያ ሂሳቡን ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ይልካል። ገንዘቡ ሲዘገይ ሆስፒታሉ እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይኖርም። ጥሬ ገንዘብ ከሌለው ደሴ ካለው የመድኃኒት አቅራቢ ቅርንጫፍም ሆነ ከሌላ መግዛት አይችልም። መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን አባሉ ይናደዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። መዋጮው ይቀንሳል። ክፍያው የባሰ ይዘገያል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሣጥኑ ይደርቃል። የአንድ ወረዳ ሣጥን ጠባብ ነው። አንድ ወረርሽኝ ወይም ጥቂት ከባድ ኦፕራሲዮን ያናጋዋል። ሣጥኑ ለዞን ወይም ለክልል አንድ ሲሆን ነው ድንጋጤ የሚችለው። መዋጮውም በአቅም መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። እርስዎና የቀን ሥራ ፈልጎ የሚያድረው ጎረቤትዎ እኩል ብትከፍሉ ፍትሐዊ አይሆንም።

የደረሰብንንም አንርሳ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ጤና ኬላው፣ ጤና ጣቢያው፣ ሆስፒታሉ ተዘረፈ፣ ወደመ። አልጋና ማይክሮስኮፕ ያጣ ተቋም ነው ከባዶ የተነሣው። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር። ከገቡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የደረሱበት። የእኛም የጤና ገንዘብ ትልቅ ክፍል ከውጭ እርዳታ ይመጣ ነበር፤ ያ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ እጇን ስትሰበስብ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ አይተናል። እርዳታ ሲቀንስ ሁለት ምርጫ ነው የሚቀረው። ወይ የጋራ ሣጥናችንን ማሳደግ፣ ወይ እያንዳንዱ በሬውን መሸጥ።

እንግዲህ የእርስዎን ሂሳብ አብረን እንይ። የዓመቱን መዋጮ ትተው ለብቻ ቢያጠራቅሙ፣ አንድ ኦፕራሲዮን የሚሸፍን ገንዘብ ለማግኘት ስንት ዓመት ይፈጃል? በሽታ ደግሞ ያ ዓመት እስኪሞላ አይጠብቅም። «ልጄ አለች» ይሉ ይሆናል። እሷ ናት ይበልጥ የምታሳስበኝ። ጅዳ ያለችው ልጅዎ ዛሬ ብቻዋን የቤተሰቡ መድን ሆናለች። እሷም ሰው ናት፤ ልትታመም ትችላለች። ኮንትራቷ ሊያበቃ፣ መኖሪያ ፈቃዷ ሊቃጠል፣ በድንገት ልትመለስ ትችላለች። እንዲህ የተመለሱ ስንት የወሎ ልጆች እንዳሉ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። የአምስት ሰው ሕመም በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ መጫን ከባድ ነው። የሺህ ቤተሰብ መዋጮ ግን አንድ ሰው ቢጎድልበትም ይቆማል።

ስለዚህ የምመክርዎ ይህን ነው። መዋጮውን ያድሱ። ልጅዎ የምትልከውን ደግሞ ሁሉንም አያጥፉት፤ የተወሰነውን መድኑ ለማይሸፍነው ያስቀምጡት። መድኑ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ኦፕራሲዮን፣ የውጭ አገር ሕክምና አይሸፍንም። መዘንጋት የሌለበት ግን፣ ወሊድ፣ የልጆች ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ተቋም ለማንም ነጻ ናቸው፤ መድን ባይኖርም።

መድኃኒት የለም ሲባሉ ዝም ብለው አይውጡ። ማዘዣው ላይ «የለም» ብለው ማኅተም እንዲያደርጉበት ይጠይቁ። አንዳንድ ወረዳ ከከተማ መድኃኒት ቤት ጋር ውል አለው፤ ወይም በደረሰኝ ይመልሳል። የእርስዎ ወረዳ የቱ እንደሆነ የመድን ጽሕፈት ቤቱ ሊነግርዎ ግዴታው ነው። በቀበሌው ስብሰባም «አምና ምን ያህል ተሰበሰበ፣ ለየትኛው ሆስፒታል ምን ያህል ተከፈለ፣ ያልተከፈለ ዕዳ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የቅሬ ሂሳብ በዓመት አንዴ በአደባባይ ይነበባል። የመድኑም መነበብ አለበት። እርስዎ ከጠየቁ ሌላውም ይደፍራል።

ቀጠሮ ሲርቅም መጠየቅ ይቻላል። ደሴ ወረፋ ከበዛ፣ ቦሩ ሜዳ ወይም ሌላ ውል ያለው ሆስፒታል ቶሎ የሚሠራ ከሆነ ሪፈሩን ወደዚያ እንዲጽፉልዎ ይንገሯቸው። ይህንንም ለጎረቤቶችዎ ይንገሩልኝ፦ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ትኩሳት ከመጣበት፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ ለሰዓታት አልለቅ ካለው ቀጠሮ አይጠብቅ። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ድንገተኛ በቀጠሮ አይደለም የሚስተናገደው።

ባለቤትዎ ለክትትል ወደ መንግሥት ሆስፒታል የሚመለሱ ከሆነ፣ ከመሄዳቸው በፊት ሐይቅ ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈር ያጽፉ። በሪፈር ያልሄደ አባል እዚያ ከደረሰ በኋላ ከኪሱ ክፈል ይባላል፤ ብዙ ሰው የሚጣላው በዚህ ነው። ሲያድሱም የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ ያስነብቧቸው። 18 ዓመት አልፎት ከእርስዎ ጋር የሚኖር ልጅ ካለ ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልበታል፤ ካላስመዘገቡት በታመመ ቀን ስሙ አይገኝም። ጅዳ ያለችው ልጅዎ ስትመለስም በዚያው ዓመት እድሳት ላይ ስሟን ያስገቡት።